ከሃያ ሦስተኛው ርምጃ

ሰዓቴ የቆመችው ሰኞ ነው፤ ሰዓት ሠሪው ቤት የገባነው ረቡዕ። መሐል ላይ ያለችውን ማክሰኞ በቆመ ሰዓት በመዋሌ ድምቢጥ አኩርፋኝ ነበር።

ድምቢጥ የእህቴ ልጅ ናት። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት፤ ሕፃን ሆና ሳህኗ ላይ ያለውን ሩዝ አንድ አንድ ፍሬ እየለቀመች ስለምትበላ። እህቴ ስትሞት ልጅቷ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ያን ጊዜ ዘጠኝ ሞልቷት ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከፊት፣ መኖሪያችን ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ደንበኞቼ «ምላሷ ከመቀሷ ይፈጥናል» ይሉኛል፤ ሐሰት አይደለም።

ድምቢጥ ኦቲዝም አለባት። የምትናገረው ጥቂት ነው፤ የተናገረችውን ግን አትመልሰውም። ድንገተኛ ድምፅ ያማታል፤ ሰው ሲነካት ትሸሻለች፤ የተባለው ነገር በተባለበት ሰዓት ካልሆነ ቀኑ ሙሉ ይበላሽባታል። ከትምህርት በኋላ እንደ እኩዮቿ የምትውልበት ቦታ እንድታገኝ ሦስት በር አንኳኩቻለሁ። ጂምናስቲክ አስገባኋት፤ በሦስተኛው ቀን መለሷት። ሥዕል አስገባኋት፤ «ሌሎቹን ትረብሻለች» ተባልኩ። የዘፈን ቡድኑ ደግሞ ስሟን እንኳ ሳይጽፍ «ቦታ ሞልቷል» አለኝ። ስወጣ አምስት ባዶ ወንበር ቆጥሬያለሁ።

ሰዓት ሠሪው ጠባብ ሱቁ ውስጥ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ መነጽር ሰክቶ፣ በወረንጦ ከአሸዋ ፍሬ የማትተልቅ ብሎን ይዞ አቀርቅሯል። ግድግዳው ሙሉ ሰዓት ነው። አንዱ ሦስት ሰዓት ይላል፣ አንዱ ስምንት፣ አንዱ ለሰባት ሩብ ጉዳይ።

ድምቢጥ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየችውና «ሁሉም ውሸታም ነው!» አለች፤ ጮክ ብላ።

ፊቴ ጋለ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሰዓት ሠሪው መነጽሩን ከዓይኑ አነሳ። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። አልሳቀም።

«ልክ ናት» አለኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «ባለቤቶቻቸው ሲመጡ አስተካክላቸዋለሁ ብዬ ትቻቸው ነው» አላት።

«መቼ?» አለች ድምቢጥ።

እጁ ላይ ያለውን ሥራ አየ። እሷን አየ። «አሁን» አለና መሰላል አምጥቶ ወጣ። ሃያ ስድስት ሰዓት አንድ በአንድ አስተካከለ። የዘለለውን እሷ በጣቷ ታሳየዋለች። መጨረሻ ላይ አምስት የቆሙ ሰዓቶች ቀሩ።

«እነዚህ አይሠሩም። ምን ላድርጋቸው?» ብሎ ጠየቃት፤ የሥራ ባልደረባውን እንደሚያማክር።

«ፊታቸውን አዙራቸው።»

አምስቱንም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞራቸው። ድምቢጥ ትከሻዋን ዘና አደረገች። እኔ ሰዓቴን ለማሠራት እንደመጣሁ ረስቼ ቆሜያለሁ። ለዚህች ልጅ ማንም ሰው መሰላል ወጥቶላት አያውቅም።

ስንወጣ «ማክሰኞና ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ልጆች ቼዝ አጫውታለሁ» አለኝ። «ደስ ካላት ይዘሻት ነይ።»

ሦስቱ የተዘጉብኝ በሮች ትዝ አሉኝ። እውነቱን ስናገር ነው የተዘጉት።

«ትንሽ ዓይን አፋር ናት» አልኩት።

ያመነኝ አልመሰለኝም፤ ግን አልጠየቀኝም። ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊም ይህንኑ ነገርኳቸው።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ሊበላሽ ምንም አልቀረው። በየጠረጴዛው ያሉት የቼዝ ሰዓቶች ቀጭ ቀጭ ሲሉ ድምቢጥ ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ቦርሳዬን አነሳሁ፤ መውጣት ለምጃለሁ። ሰዓት ሠሪው ግን ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «ሰዓቶቹ ናቸው አይደል?» አላት።

«ይጮኻሉ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ድምፅ የሚያፍን ወፍራም ጨርቅ ይኖርሻል?»

«ሰዓት ልብስ ሲለብስ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ልብስ ሰፊ ወዳጅ ኖራኝ አያውቅማ።»

እስከ ሐሙስ ከካፖርት ቁራጭ ለስምንት ሰዓቶች ልብስ ሰፋሁላቸው። ፊታቸው ብቻ ይታያል፤ ከሥራቸው ጥጥ ጎዘጎዝኩ። ሰዓቶቹን ለመለካት እሱ ሱቅ ሁለቴ ሄጃለሁ። አንዴ ይበቃ ነበር።

ድምቢጥ ከጠረጴዛው ሥር ወጣች። ቼዝ ተስማማት። ፈረስ እንደ ፈረስ፣ ወታደር እንደ ወታደር ይሄዳል፤ ማንም ድንገት ተነስቶ ሕጉን አይቀይረውም። ከሁሉም በላይ የወደደችው ግን ወረቀቱን ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱንም የባላጋራውንም ርምጃ ቁጥር እየሰጠ ይጽፋል፤ መጨረሻ ላይ ማን እንዳሸነፈ ያሰፍራል። ድምቢጥ ወረቀቶቿን ማህደር ውስጥ በቀናቸው ደረደረች።

አሥራ ሁለት ጊዜ ተሸነፈች። አሥራ ሁለቱንም በጥሩ ጽሕፈት ጻፈቻቸው። እኔ ግን ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ በተሸነፈች ቁጥር «ኤዲያ!» እያልኩ እተነፍስ ነበር። እንደምሰማ አላሰብኩም።

በአሥራ ሦስተኛው ጎፈሬውን አሸነፈችው። ጎፈሬው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው፤ ጠጉሩ ከሱ ቀድሞ በር ይገባል፣ ከክበቡም የሚበልጠው የለም። እሱ ራሱ ሰሌዳው ላይ አፍጥጦ «እንዴት አድርጋ ነው?» አለ። እኔ ሳቅሁ። ከእህቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ቀና ስል ሰዓት ሠሪው ሰሌዳውን ትቶ እኔን ሲያይ ያዝኩት።

ከዚያ በኋላ ጎፈሬውን ሦስት ጊዜ ተከታትላ አሸነፈች። ለእናቴ ደውዬ ጉራዬን ነዛሁ። እናቴ ሌላ ጊዜ «የሷን ስትይ አንቺ ቆመሽ ቀረሽ» ነበር የምትለኝ፤ ያን ቀን ግን «እስቲ ያንን ሰዓት ሠሪ አሳዪኝ» አለች።

እሱ እስከ ሱቄ ድረስ ይሸኘን ጀምሮ ነበር። ድምቢጥ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ድንጋይ በድንጋይ እየረገጠች ከፊት ትሄዳለች፤ እኛ ከኋላ። አንድ ሐሙስ በሬ ላይ ቆመን «ካንቺ ጋር ስሆን ሰዓቱ ይሮጣል» አለኝ።

«ሠሪው አንተ አይደለህ እንዴ? አስተካክለዋ።»

ሳቀ። ወደድኩት። ነገሩን አላሳምረውም፤ በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ መርፌ በወጋጋው ጣቴ የበሩን እጀታ እንደያዝኩ ወደድኩት።

ወላጆች ተጋብዘው ልጆቻቸው ሲጫወቱ የሚያዩበት ቅዳሜ መጣ። ድምቢጥና ጎፈሬው መሐል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ሃያ ሦስተኛው ርምጃ ላይ ድምቢጥ ተሳሳተች፤ ንግሥቷን ለፈረሱ አጋለጠች። ከኋላ ሆኜ እንኳ ታየኝ። ጎፈሬው እጁን ወደ ፈረሱ ሰደደ። ከዚያ ቀና ብሎ ሰዓት ሠሪውን አየው። ሰዓት ሠሪው ራሱን በትንሹ ነቀነቀ። ልጁ ፈረሱን ትቶ ዳር ያለች ወታደር ገፋ።

ድምቢጥ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ንግሥቴን ብላት» አለችው።

«አላየኋትም» አለ ጎፈሬው።

«አይተሃል። ዓይንህ እሷ ላይ ነበር። ብላት!»

ልጁ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ጋሼ ናቸው ያሉኝ! ከመጀመሪያው በኋላ ሁሌ ልቀቅላት ብለውኛል!»

ከዚያ ድምቢጥ ጮኸች። ጩኸቷ ጣሪያውን የሚበሳ ነበር። ሰሌዳውን ገለበጠችው፣ ሰዓቱን ወረወረችው፣ የገዛ እጇን ነከሰች። ሰዓቱ አንዲት እናት እግር ሥር ወድቆ ተሰበረ። ሴትዮዋ ልጇን ጎትታ «እንዲህ ዓይነት ልጅ ከልጆቻችን ጋር ያስቀምጣሉ?» አለች። ድምቢጥን በካፖርቴ ጠቅልዬ ወደ መተላለፊያው አወጣኋት።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ተከተሉኝ። ሽበታም፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ዓይን አፋር ናት አልሽን እኮ። ብናውቅ እንጠነቀቅ ነበር። ሰዓቱ የልጅ ግንባር ላይ አርፎ ቢሆንስ? ለጊዜው አታምጫት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሴ ከመቀሴ ዘገየ። እሳቸው ሲመለሱ ሰዓት ሠሪው መጣ፤ ያን ጊዜ ምላሴ ተፈታ።

«ምጽዋት ነው የሰጠሃት!» አልኩት። «ልጄን ለልመና አላመጣኋትም! ሃያ ስድስት ሰዓት ያስተካከልክላት ሰው፣ ውሸት እንደሚያማት እንዴት ጠፋህ?»

«የመጀመሪያውን ራሷ ናት ያሸነፈችው» አለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያን ቀን ጥርስሽ ሁሉ እስኪታይ ሳቅሽ። ከዚያ በፊት በተሸነፈች ቁጥር ስትተክዢ አይሻለሁ። ሳቅሽን ደግሜ ላየው ፈለግኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«የመጀመሪያውንስ ምን ብዬ ልመንህ?»

ትቼው ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ለልጅቷ ነው ብዬ ራሴን ልሸነግል ሞከርኩ፤ ለሱም ነበር።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አሥር ሰዓት ሲሆን ድምቢጥ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

«ማክሰኞ ነው» አለች።

«ቤተ መጻሕፍቱ ተዘግቷል የኔ እናት።»

በመስኮት ወደ መንገዱ ጫፍ አየችና «አልተዘጋም። መብራቱ በርቷል» አለች።

ሐሙስም ቆመች። የሚቀጥለው ማክሰኞም። ወይ ፍንክች! ሰዓቱ አሥራ ሁለት እስኪል ድረስ ጫማዋን አታወልቅም። ሰዓት ሠሪው ሁለት ጊዜ መጥቶ በመስታወቱ አየኝ፤ ሁለት ጊዜም አንገቴን የስፌት መኪናዬ ላይ ደፋሁ።

በሁለተኛው ሐሙስ ድምቢጥ ማህደሯን አምጥታ ወረቀቶቿን ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻቸው። የስፌት ጠመኔዬን አነሳች። ጎፈሬውን ካሸነፈችባቸው አራት ወረቀቶች ሦስቱን ከዳር እስከ ዳር ሰረዘቻቸው። የመጀመሪያዋን አልነካቻትም።

«ይቺስ?» አልኳት።

«ይቺ እውነት ናት። አየሁት። ስህተት የለባትም።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ሰውየው አልዋሸኝም ነበር።

ድምቢጥ የቅዳሜዋን ወረቀት አወጣች። ጽሑፉ ሃያ ሦስት ላይ ተቋርጧል። ቁጥሯን በጠመኔ ከበበቻት። «ከዚህ ነው የሚጀመረው።»

«ከዚያ ከጀመርሽ እኮ ንግሥትሽ ትበላለች። ትሸነፊያለሽ።»

«አውቃለሁ» አለች፤ ምን ያስገርማል በሚል ድምፅ።

አየኋት። አሥራ ሁለት ጊዜ ተሸንፋ አንዴም አላለቀሰችም። «ኤዲያ» የምለው እኔ ነበርኩ። መሸነፍ ያቃተኝ እኔ ነበርኩ፤ ሰውየውም የኔን ፊት አይቶ ነው የተሳሳተው። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኸው ነው። ከቀሚሷ ላይ ጠመኔውን አራግፌ ካፖርቴን አነሳሁ።

ሱቁ ስንደርስ ሰዓት ሠሪው ብድግ አለ። ድምቢጥ መጀመሪያ ግድግዳውን መረመረች። የሚሠሩት ሁሉ ልክ ናቸው፤ የቆሙት ፊታቸው ወደ ግድግዳ እንደዞረ ነው። ከዚያ ወረቀቱን ፊቱ አኖረችው።

«ከሃያ ሦስተኛው» አለችው።

ወረቀቱን አይቶ ገባው። እኔን አላየኝም፤ እሷን ነበር የሚያየው። «ዋሸሁሽ» አላት።

«አዎ» አለች ድምቢጥ።

«ሁለተኛ አልዋሽሽም።»

«እሺ።»

ይኸው ነበር። እኔ ለሁለት ሳምንት ያከማቸሁትን ንግግር ሁሉ እነሱ በአምስት ቃል ጨረሱት። የቀረሁት እኔ ነኝ።

«እኔም ዋሽቻለሁ» አልኩት። «ዓይን አፋር አይደለችም።»

«አውቅ ነበር» አለኝ። «እስክትነግሪኝ ብዬ ነው የጠበቅኩት።»

ሄደን ሁሉንም ስንነግራቸው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እስከ መጨረሻው አዳመጡን። መነጽራቸውን ጠረጉ። «ለአንድ ማክሰኞ» አሉ። «እውነቱን ግን ልጆቹም ወላጆቹም ካፍሽ ይስሙት። እሷ እፊታቸው እንድትቆም አልፈልግም።»

ማክሰኞ ድምቢጥ መጻሕፍት መደርደሪያው ጋ ስትጠብቅ እኔ ልጆቹና ጥቂት ወላጆች ፊት ቆምኩ። ኦቲዝም እንዳለባት ነገርኳቸው። ድንገተኛ ድምፅ እንደሚያማት፣ ሳያስጠነቅቁ እንዳይነኳት፣ ሲከፋት ዝም ብለው ቦታ እንዲለቁላት ነገርኳቸው። ባለፈው የፈራችሁት የኔ ጥፋት ነው፤ ደብቄያችሁ ነው አልኩ። ያቺ ልጇን የጎተተችው እናት ሁለተኛው ረድፍ ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። አልተናገረችም፤ አልወጣችምም።

ጎፈሬው እጁን አወጣ። «ስንጫወት ግን ልብላት እችላለሁ?»

ሰዓት ሠሪው መለሰለት። «የምትበላውን ሁሉ ብላ። እኔ ነኝ ያሳሳትኩህ፤ ይቅርታ።»

ልጁ በረጅሙ ተነፈሰ። ለካ እሱም ተሸክሞት ኖሯል።

ሁለቱ ልጆች ወረቀቱን መሐል አድርገው ሰሌዳውን ከመጀመሪያው እስከ ሃያ ሦስተኛው ርምጃ አብረው ደረደሩት። ሌሎቹ ልጆች ጨዋታቸውን ትተው ከበቧቸው፤ ማንም ሳይነግራቸው አንድ ርምጃ ራቅ ብለው። ጎፈሬው ፈረሱን አነሳ። አንዴ አያት። ንግሥቷን በላት።

«አሁን ልክ ነው» አለች ድምቢጥ፤ ጻፈችውም።

ያለ ንግሥት አሥራ ስምንት ርምጃ ታገለች። ጎፈሬው ላብ አጠመቀው፣ ጠጉሩን ነጨ፣ ሁለቴ ሊሳሳት ሲል እጁን መለሰ። አርባ አንደኛው ላይ ንጉሧ መሄጃ አጣ። አፌ «ኤ» ብሎ ሊጀምር ሲል ሰዓት ሠሪው ከጎኔ ሆኖ ዓይኑን ጣለብኝ። ዋጥኩት።

ድምቢጥ ውጤቱን ጻፈች። ከዚያ ደንቡ በሚያዘው መሠረት ተጫዋቾች ሲጨርሱ የሚያደርጉትን፣ እሷ ግን አንድም ቀን አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። እጇን ዘረጋች። ጎፈሬው ሱሪው ላይ መዳፉን ጠርጎ በቀስታ ጨበጣት።

«አስጨነቅሽኝ እኮ!» አላት። «ሐሙስ ትደግሚኛለሽ?»

«ሐሙስ» አለች።

«ከኔስ ጋር መቼ ነው?» አለች ከኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ። የያቺ እናት ልጅ ናት። እናትየው አልጎተተቻትም።

ድምቢጥ ትንሽ አሰበችና «በሚቀጥለው ማክሰኞ። አሥር ሰዓት» አለቻት።

እንባዬን የጠረግሁት የሰዓት ልብስ በተረፈው ቁራጭ ነው፤ ኪሴ ውስጥ ሌላ ነገር አልነበረም።

ወደ ቤት ስንሄድ ድምቢጥ እንደልማዷ ጠርዙን እየረገጠች ከፊት ቀደመች። ሰዓት ሠሪው ከጎኔ ሄደ። ከዚያ ቆመ።

«እኛስ?» አለኝ። «እኛ ከስንተኛው ነው የምንጀምረው? እኔ ካጠፋሁበት ወይስ አንቺ ካጠፋሽበት?»

ድምቢጥ ሳትዞር ከፊት መለሰችልን።

«ከረቡዕ» አለች። «ሰዓቶቹን ካስተካከልክበት።»

ተያየን። እጁን ሰጠኝ፤ ያዝኩት። እስከ በሬ ድረስ አልለቀቅነውም፤ ያን ቀንም ሰዓቱ ሮጠብን።

ይሄ ከሆነ አምስት ዓመት አለፈው። ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ግድግዳው ላይ ሁለት የተሰቀሉ ነገሮች ያያል። አንዱ የሠርጋችን ፎቶ ነው። ከፎቶው በላይ ደግሞ ሃያ ሦስት ቁጥር ላይ የጠመኔ ክብ ያለበት፣ በመስታወት የታሰረ የቼዝ ወረቀት አለ። ቼዝ የሚያውቅ እንግዳ ቀረብ ብሎ ያነበውና ግራ ይገባዋል።

«ይሄ እኮ የተሸነፈችበት ነው» ይለናል። «ያሸነፈችበት የላችሁም?»

አለን፤ ማህደሩ ሙሉ ነው። ድምቢጥ ከሰሌዳዋ ላይ ቀና ሳትል ትመልሳለች።

«አለ። ጎፈሬውን የጨበጥኩት ግን በዚህኛው ነው።»